ብሩን ያጠቆረው

የተቀቀለ እንቁላል ሽታ ሲመታኝ እስከ ዛሬ ጣቴ በራሱ ይጨበጣል። ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ አጠገቤ ያለ ሰው ቁርሱን ሲልጥ፣ ምንም ሳያደርገኝ ቡጢ ጨብጬ ራሴን ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። አሁን ደግሞ እንጀራዬ ሆኖ በየቀኑ እቀቅላለሁ።

ይሄ ቀለበት ላይ ያለው ወይን ጠጅ ከየት መጣ፣ ቀብተኸው ነው ወይ አልሽኝ። አልቀባሁትም እህቴ። ብር ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ትኩስ እንቁላል ለሁለት እሰነጥቅና ጣሳ ውስጥ ከብሩ ጋር አድርጌ እከድነዋለሁ። የቀረውን እንፋሎቱ ይሠራል። መጀመሪያ የቅቤ ቀለም ይመጣል። ቀጥሎ መዳብ ይመስላል፣ ከዚያ ይሄ በእጅሽ የያዝሽው ይሆናል፣ ከዚያ ሰማያዊ። ካላወጣሽው ይጠቁራል። የኔ ሥራ የቱ ላይ እንደማወጣው ማወቅ ነው። ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም የሚመጡት ሰዎች "ይሄ ቀለም ምን ያስታውስሃል?" ይሉኛል፣ እኔም ስቄ አሳልፋቸዋለሁ። አንቺ ግን ከመጠየቅሽ በፊት ቀለበቱን አፍንጫሽ ጋ አስጠጋሽው። እንግዲያው ልንገርሽ። በርጩማው አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ወደ ግድግዳው አስደግፈሽ ተቀመጪ። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው የጣልኩት፣ አሳምሮ መናገር አትጠብቂ።

አባቴ ብር ሠሪ ነበር። እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከገበያው በላይ፣ አንድ በር ያላት መስኮት የሌላት ክፍል ነበረችው። በሩን ሁልጊዜ ገርበብ ያደርገዋል። የሚያልፈው ሰው ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው ይል ነበር። ምንም አልደበቀም። የጋለ ብር ቀለሙ የሚነበበው ጨለማ ውስጥ ነው፣ ፀሐይ ላይ የጋለውም ያልጋለውም አንድ ነው። እኔ ወናፍ እነፋለሁ፣ እሱ ያያል። "አሁን የደረቀ በርበሬ ነው፣ ገና ነው" ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ "ቀጋ ሆነ፣ አውጣው" ይላል። "የብርቱካን ልጣጭ ከመሰለህ አለቀልህ፣ ይፈስስሃል።" ቀለም የተማርኩት እንደዚያ ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ ቀይ ሲል እኔ የቱን ቀይ እል ነበር፣ በልቤ።

ከከሰሉ ሙቀትና ከጭሱ የተነሳ የአባቴ ዓይን ዙሪያው ይቀላል። ሌላው ሰው ግን ለዚያ ቅላት ሌላ ስም ነበረው። ታውቂዋለሽ፣ ብረት የነካ እጅ ሁሉ እዚህ አገር ምን እንደሚባል። ሴቶች በበራችን ሲያልፉ ያዘሉትን ሕፃን ፊት በነጠላቸው ጥግ ይሸፍናሉ። ክፋት አይደለም፣ ልማድ ነው ይላሉ። ሠርግ ሲደርስ ደግሞ እነዚያው ሴቶች በር ላይ ቆመው "አያ፣ ለልጃችን ድሪ" ይላሉ። እጁን ይፈልጉታል፣ ዓይኑን አይፈልጉትም። አባቴ ለዚህ ቂም አልነበረውም። የእሱንም ድርሻ ጨምሬ የያዝኩት እኔ ነኝ።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ አንድ ሰው መጣ። ባለጎተራው እንለው ነበር። ከጉና ወገን ነው፣ ገብሱና በጉ ተርፎት ገበያው መሃል መጋዘን የከፈተ፣ ሲናገር ዱላውን መሬት ላይ የሚመታ። የመጀመሪያ ሴት ልጁን ሊድር ነው። የእናቱን ጠገራ ብር በጨርቅ ቋጥሮ አምጥቶ "ከዚህ ድሪ ሥራልኝ፣ ከሌላ ብር እንዳትቀላቅልብኝ" አለው አባቴን።

"ልጄ ነው የሚያቀልጠው፣ ቆመህ እይ" አለው አባቴ።

ባለጎተራው ቆሞ አየ። እኔ ወናፉን ነፋሁ። አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሌላ ሥራ አልነካም። ብሩን እንደ ክር እየሳበ፣ እየጠመዘዘ፣ አንድ በአንድ እያያያዘ ሠራው። ከመሃል በሚንጠለጠለው ጌጥ ጀርባ ላይ፣ ልብስ ላይ በሚያርፈው በኩል፣ ትንሽ የገብስ ዛላ ጫረበት። "ሰውዬው በገብስ ነው የከበረው" አለ። ማን ያየዋል አልኩት። "አንተ አየኸው አይደል" አለኝ።

ሲያልቅ በሎሚና በአመድ አሸነው። ከጨለማው አውጥቶ በሩ ላይ ሲይዘው የነበረውን ነጭ አልረሳውም። ማታ በረዶ ጥሎ ሲያድር ጠዋት ጉና ላይ የሚታየው ነጭ አለ፣ ሰማያዊ ሊሆን ትንሽ የቀረው። እሱን ይመስል ነበር። አባቴ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሳቀ።

ሠርጉ አለፈ። ሙሽራዋ ብዙም ሳትቆይ ገላዋን ያሳክካት ጀመር፣ ትቆስላለች አሉ። አማቷ ይዛት ወደ ቆላው ፍል ውሃ ወረደች። ሰዉ ፍል ውሃውን ጠበል ነው የሚለው፣ ሰባት ቀን ገብተሽ ትወጫለሽ። አማቲቱ የአዲስ ሙሽራ አንገት ባዶ አይታይም ብላ ድሪውን አላስወለቀቻትም። ልጅቷ ከነድሪዋ ስትገባ ስትወጣ ከረመች።

አሁን አንቺ ገብቶሻል። ፊትሽ ላይ አየሁት። ያን ጊዜ ግን ከመሃላችን የገባው አንድም ሰው አልነበረም። አባቴ እንኳ። ዕድሜውን ሙሉ እሳት አጠገብ የኖረ ሰው ነው፣ ፍል ውሃ ወርዶ አያውቅም።

የገበያ ቀን ነበር። ባለጎተራው ከእህል ተራው ጀምሮ ድሪውን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ መጣ። ሰው ይከተለዋል። በራችንን በእግሩ ከፈተውና መስፉ ላይ፣ አባቴ የሚቀጠቅጥበት ብረት ላይ፣ ጣለው። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው። ድሪው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል።

አባቴ አነሳው። አገላበጠው። "ምን አደረጋችሁበት ጌታዬ?" አለ።

"እኛማ ምን እናደርግበታለን። ልጄ ጠበል ገባች፣ ጠበሉ ገለጠው።" ዱላውን መታ። "ይሄን ያጠቆረው እጅህ ነው ወይስ ዓይንህ?"

አባቴ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሌባ ያሉት መሰለው። ሞረዱን አነሳና ጥቁሩን አንድ ጊዜ ላጥ አደረገው፣ ነጭ ወጣ። ሌላም ቦታ ሞረደ፣ ነጭ። ከፍ አድርጎ ለሰዉ አሳየ። "ይኸው፣ ተመልከቱ። ንጹሕ ብር ነው። እጄ ንጹሕ ነው" አለ። ፈገግ ብሎ ነበር፣ እህቴ። ያሸነፈ መስሎት ፈገግ ብሎ ነበር።

ከበሩ አጠገብ አንዲት ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ፣ በክፋት ሳይሆን እንዲሁ ግራ ገብቷት "ብሩ ንጹሕ ከሆነ ታዲያ ምን አጠቆረው?" አለች።

 ፈገግታው ከአባቴ ፊት ላይ ሲወርድ አየሁት። በገዛ እጁ በሩን በራሱ ላይ እንደቆለፈ ሰው ሆነ። ብሩ የውሸት ቢሆን ሌባ ይባል ነበር፣ ሌባ ታስሮ ይፈታል። ብሩ እውነተኛ ሲሆን ግን የቀረው ዓይኑ ነው። እኔ የወናፉን እጀታ ይዤ ቆሜአለሁ። አንድ ቃል አልወጣኝም። እስከ አሁን በቀን ሁለት ሦስቴ ያን ቀን የምመልሰውን መልስ እያሳመርኩ እገኛለሁ።

ባለጎተራው ድሪውን በጨርቅ ጠቀለለው። "ወንዝ ነው የሚጣል" አለና ሄደ።

ከዚያ በኋላ የመጣ የለም። ድሪ ቀርቶ መርፌ የሚያስጠግን ጠፋ። ክፍል ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጥ ሲታጣ እኔም ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ፣ አልተመለስኩም። ይሄ ሁሉ ይቻላል። ያልተቻለኝ ሌላ ነው። አንድ ጠዋት አባቴ በር ላይ ቁጭ ብሎ እናቴን "እስቲ አስታውሺ፣ ልጆቹ የሚታመሙት እኔ ካየኋቸው በኋላ ነበር?" ሲላት ሰማሁ። እናቴ "ዝም በል እባክህ" አለችው። እሱ ግን እውነቱን ነበር፣ እየጠየቀ ነበር። ሰዉ ቡዳ ቢለው ያልፈዋል፣ የለመደው ነገር ነው። ጠበል ገለጠው ሲሉት ግን ምን ይበል? እሱም እኮ ጠበል የሚያምን ሰው ነው። ጠበል ይዋሻል አይል።

ጋቢውን እስከ ቅንድቡ ያወርድ ጀመር። ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት ያያል። ታላቅ እህቴ ልትወልድ እኛ ቤት መጥታ ሴት ልጅ ወለደች። እንያት እንያት ሲባል አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። "ዓይኔ አይረፍባት" አለ። እህቴ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ጎተተችው። አልዞረም። ልጅቷ ትንሽ ጠንከር ስትል፣ ጀርባውን እንደሰጠ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋላታል፣ እሷም ያን የጠቆረ ጣቱን ይዛ ትተኛለች። ሦስት ዓመት ያህል እንደዚያ ነው ያሳደጋት። ፊቷን ሳያይ ሞተ። ሳል ነው አሉ። እኔ ሳል አልልም።

እሱን ቀብሬ ባሕር ዳር ወረድኩ። አንዲት ለቱሪስት ብር የምትሸጥ ሴትዮ ዘንድ ብር መወልወል ያዝኩ። አንድ ቀን ምሳዬን፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቀለበት ያለበት ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ሴትዮዋ አየችና "ኧረ ልጅ፣ እንቁላልህን ከብሩ አርቅ፣ ያጠቁርብሃል" አለችኝ።

"ምኑ?"

"እንቁላሉ ነዋ። ፍል ውሃም እንደዚሁ ነው። ስንቱ ደንበኛ ከነሐብሉ ገብቶ እየወጣ አታለልሽኝ ብሎ ይጣላኛል።"

ቁጭ አልኩ። ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝና "ይሄን ደግሞ የማያውቅ አለ?" አለች። ኋላ የድሮ የዘጠነኛ ክፍል የኬሚስትሪ መጽሐፍ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ገዝቼ ገለጥኩት። እዚያው ተጽፏል። ሁለት መስመር ናት። እኔ ክፍሉን ጥዬ ከወጣሁበት ምዕራፍ ሁለት ምዕራፍ ታልፋለች።

ፈቃድ ጠይቄ ያን ቆላ ወረድኩ። አንድ ጠገራ በክር አስሬ ፍል ውሃው ውስጥ አወረድኩት። ሽታው ልክ እንቁላል ነው፣ እህቴ፣ ማንም አፍንጫ ያለው ሰው ያውቀዋል። አጠገቤ ሰዎች ይጠመቃሉ፣ ይጸልያሉ። እኔ ብሬን እያወጣሁ አየዋለሁ። ቅቤ። መዳብ። ወይን ጠጅ። ከዚያ ከበረዶ በፊት ጉና ጫፍ ላይ እንደሚመጣው ደመና ያለ ሰማያዊ። ከዚያ ጠቆረ። ሙሽራዋ አንገት ላይ ያለፉትን ቀለሞች አንድ በአንድ አየኋቸው። የሆነ ቀን ወይን ጠጅ ሆኖ አምሮባት ነበር፣ ያኔ አንድ ሰው ቢያወልቅላት ኖሮ አባቴ የእህቴን ልጅ ፊት ያይ ነበር።

ተመልሼ መጣሁ። ይሄን ቤት ተከራየሁ። በበሩ ላይ የአባቴን ስም አልጻፍኩም፣ ጢሜን አሳደግሁ። አሁን ዲዛይነር ይሉኛል። ያው እሳት ነው፣ ያው መዶሻ ነው፣ ቃሉ ሲቀየር ዓይኔም ዳነልኝ። በእንቁላል ቀለም መሥራት ጀመርኩ፣ ሰዉ ወደደው። እኔ ግን ባለጎተራውን እየጠበቅሁ ነበር። ሁለት ሴት ልጆች እንዳሉት አውቃለሁ። ትንሿ ማግባቷ አይቀርም።

ባለፈው መስከረም በገበያ ቀን መጣ። አርጅቷል፣ ዱላውን አሁን የሚመታው ለመደገፍ ነው። ትንሿ ልጁ አብራው ናት። አላወቀኝም። ተቀመጡ አልኩ። ከደረቱ ጨርቅ አወጣ፣ ፈታው።

ድሪው ነው።

ወንዝ አልጣሉትም። ብር ነዋ፣ ማን ይጥላል። አሥራ ምናምን ዓመት ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውታል።

"ይሄን አቅልጠህ ለልጄ እንደ ዘመኑ አድርገህ ሥራልኝ" አለኝ። "የአንድ ቡዳ ሥራ ነው፣ እጅህን አማትበህ ንካው። ብሩ ግን ጥሩ ብር ነው።"

ያልኩትን ልንገርሽ፣ "እሺ አያ" ነው ያልኩት።  ምድጃው ላይ እንቁላል እየፈላ ነበር። "ቀለበትዎ ደብዝዟል፣ እግረ መንገዴን ላጽዳልዎ" አልኩት። አውልቆ ሰጠኝ። "ከአባቴ ነው፣ ጠንቀቅ በል" አለኝ።

"እጠነቀቃለሁ።"

እንቁላሉን ሰነጠቅሁና ጣሳው ውስጥ ከቀለበቱ ጋር ከደንኩት። ከጎኔ ሻይ ከምትሸጠው ሴት ሻይ አዘዝኩላቸው። ስለ ዝናቡ አወራን። ገብሱ ዘንድሮ እንዴት ነው አልኩት፣ ደህና ነው አለኝ። ሁለተኛውን ሻይ ሲጨርስ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ቀለበቱን በጉጠት ይዤ ወጣሁ።

"ጎረቤቶች፣ እስቲ አንዴ ኑ" አልኩ።

ባለሻይዋ ሕፃኗን እንዳዘለች መጣች። ከታክሲ ተራው፣ ከጨርቅ ሱቁ፣ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ቆመ። ቀለበቱ ጠቁሯል።

"አያ፣ ይሄ ቀለበት የማን ነው?"

"የኔ ነው። ምን አደረግኸው አንተ?"

"ንጹሕ ብር ነው?"

"ንጹሕ ነው እንጂ። የአባቴ ነው አልኩህ።"

ሞረዱን አንስቼ አንድ ጊዜ ላጥ አደረግሁት። ነጭ። ለሰዉ አሳየሁ። "እውነትዎን ነው፣ ንጹሕ ነው። ታዲያ ይሄን ያጠቆረው እጅዎ ነው ወይስ ዓይንዎ?"

ያን ጊዜ አወቀኝ። ፊቱ ከል የነከሩት መሰለ።  እኔ ወናፉን ይዤ የቆምኩበትን ዝምታ መለስኩለት፣ ሳይጎድል። ከኋላ አንዱ "ለካ" ሲል ሰማሁ። ባለሻይዋ ሕፃኗን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዞረችና ፊቱን በነጠላዋ ጥግ ሸፈነች። የገዛ ልጁ፣ ልትዳር የመጣችው፣ ከአባቷ ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ አለች። እሷ ራሷ ያወቀች አይመስለኝም፣ እግሯ ነው የሄደው።

ጣፈጠኝ። አልዋሽሽም። እስከ አጥንቴ ነው የጣፈጠኝ። ያን ግማሽ እርምጃ ስንት ዓመት ስመኘው ኖሬአለሁ።

ከዚያ ሽማግሌው መሬት መሬት አየ። ኮፍያውን ወደ ቅንድቡ ሳበው።

ያኔ ነው የገባኝ። አሁን ዝም ብል አለቀለት። ምንም መጨመር የለብኝም፣ ሰዉ የቀረውን ይሠራል፣ የልጁም ሠርግ ይቀራል። ግን ዝም ካልኩ ብር በዓይን ይጠቁራል ማለት ነው። ብር በዓይን የሚጠቁር ከሆነ ደግሞ አባቴ ቡዳ ነበር። እሱን ሳልፈታ አባቴን መፍታት አልችልም። ሁለቱን አንድ ገመድ ላይ ነው ያሰሩብኝ። ለማን ብዬ እንደተናደድኩ እንኳ እስኪጠፋኝ ተናደድኩ።   ሰዉ መበተን ጀምሮ ነበር፣ ወሬውን ይዞ።

"ቁሙ" አልኩ። ጣሳውን አምጥቼ በሩ ላይ ገለበጥኩት። እንቁላሉ ደረጃው ላይ ተበተነ። "ያጠቆረው ይሄ ነው።"

"ምኑ? እንቁላሉ?" አለች ባለሻይዋ።

"እንቁላሉ። ቆላ ያለው ፍል ውሃም ይሄው ሽታ ነው ያለው፣ ወርዳችሁ አሽትቱ። ብር የነካው ሁሉ ይጠቁራል። የጳጳስም መስቀል ቢሆን ይጠቁራል።"

አንዱ ሳቀ። ባለሻይዋ የሕፃኗን ፊት ገለጠች። "ወይ ጉድ፣ በእንቁላል ነው ሰዉን ሁሉ እንዲህ የምታስጨንቀው?" አለችኝ። ለእሷ ቀልድ ነው። ነጭ ሽንኩርት ሻጯ ግን ከኋላ ቆማ ነበር፣ አሁን መቋሚያ ይዛ ነው የምትሄደው።  አየችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ሽማግሌው "አባትህ ይሄን ያውቅ ነበር?" አለኝ።

አንቱታውን ያን ጊዜ ነው የጣልኩት። "አያውቅም ነበር። አንተን አምኖ ነው የሞተው" አልኩት።

ድሪውን አንስቼ ሁሉም እያየ በሎሚና በአመድ አሸሁት። ትንሽ ጊዜ ነው የፈጀው። ያ ነጭ መጣ፣ የጉናው። የሞረዱ ሁለት ጭረት እስከ አሁን አለበት። ገለበጥኩት፣ የገብሱ ዛላ እዚያው ነው። ለትንሿ ልጅ አሳየኋት። "አባቴ ነው የጫረው፣ አባትሽ በገብስ ነው የከበረው ብሎ" አልኳት። በጣቷ ዳሰሰችው።

"አላቀልጠውም" አልኩት ሽማግሌውን። "እንዳለ ውሰደው። ግን በጨርቅ አትጠቀልለውም። በእጅህ ከፍ አድርገህ፣ ያን ቀን በመጣህበት፣ በእህል ተራው አልፈህ ትሄዳለህ። የማን ሥራ ነው ካሉህ የአባቴን ስም ትጠራለህ።"

ይቃወማል ብዬ ነበር። እንዲቃወም ፈልጌም ነበር። አነሳውና ሄደ። አንድ እጁ በዱላው፣ አንድ እጁ በድሪው። ተከተልኩት፣ ስላላመንኩት። እህል ተራው ላይ አንዱ ጠየቀው፣ የአባቴን ስም ጠራ። ትንሽ ሄዶ ሌላ ጠየቀው፣ ጠራ። ድምፁ ደካማ ነው፣ ግን ጠራ። ሦስተኛው ላይ ተመለስኩ። ስሙን በዚያ አፍ ደጋግሜ መስማት አልቻልኩም።

ይቅርታ አላደረግሁለትም። ሰው ሲሰማ መጨረሻው ላይ ይቅር አልኩት የምለው ይመስለዋል። አላልኩም። ቀለበቱንም አጽዳልኝ አላለኝም፣ እኔም አላጸዳሁለትም። ጥቁሩን እንዳደረገው ነው አሉ፣ ቤተ ክርስቲያንም ይዞት ይገባል አሉ። ያድርገው።

የእህቴ ልጅ አሁን አድጋለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚህ እየመጣች ጣሳው ሲከፈት ቀለሙን ትገምታለች። ባለፈው ሳምንት ከመሬት ተነስታ "የአያቴ ዓይን ምን ዓይነት ቀለም ነበር?" አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ጥቁር ልል ነበር። አላውቅም። እናቴን ጠየቅኋት፣ ጥቁር ነበር አለች። እህቴን ጠየቅኋት፣ ኧረ የማር ቀለም ነበር አለች። የጋለ ብር ሃያ ዓይነት ቀይ እንዳለው አስተምሮኛል፣ ጨለማ ውስጥ ሁሉንም እለያቸዋለሁ። ከእሱ ግን የቀረኝ ዙሪያው ነው። ቅላቱ። መሃሉን ሰዉ ስለ ቅላቱ ሲያወራ ልብ ብዬ አላየሁትም፣ በኋላም ጋቢውን አውርዶ አላሳየንም።

ለልጅቷ "ጣቱን ታስታውሻለሽ?" አልኳት። "ጥቁር ነበር፣ ይሞቃል" አለችኝ።

እህቴ፣ ቀለበቱን ትወስጂዋለሽ? እንግዲያው ስታጥቢ አውልቂው። አጥብቀሽም አትሺው፣ ቀለሙ ስስ ነው።